አጋዘን አዳኝ ለባለመሬቱ ይክፈልን?

በዚህ ዓምድ እንደ ልማዳችን አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ ጥያቄውንም ከሁለቱ ወገን እንመረምራለን፤ በመጨረሻም የመሰለንን ፍርድ እንሰጣለን። የዛሬው ጥያቄ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሲገቡበት የመሬትን፣ የአውሬን፣ የሕግንና የጉርብትናን ነገር አንድ ላይ ያስነሣል። ይኸውም፦ ለደስታው ሲል አጋዘን የሚያድን ሰው፣ በሌላ ሰው መሬት ላይ ስለሚያድን ለባለመሬቱ ዋጋ መክፈል ይገባዋልን፣ ወይስ አይገባውም? የሚል ነው።

ይህ ጉዳይ በብርቱ የሚያከራክረው በብሪታንያ አገር ስለ ሆነ፣ እኛም ክርክሩን በዚያው በአገሩ እንከተለዋለን። ዓመተ ምሕረቱንም የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ነገሩ ግልጥ ሆኖ እንዲታይ በምሳሌ እንጀምር። በእንግሊዝ አገር፣ በአንድ ገጠር፣ ስንዴ የሚዘራና ከእርሻው ዳር አዲስ ደን የተከለ አንድ ገበሬ አለ እንበል። በብርዱ ወራት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ አንድ የከተማ ሰው ጠመንጃውን በማኅደሩ አድርጎ ከበሩ ይደርሳል። ሰውየው በሥራ ቀን ጸሐፊ ወይም አናጢ ነው፤ ቅዳሜ ግን አዳኝ ነው። «ጌታዬ፣ አጋዘኖች ችግኝዎን እየበሉ መሆናቸውን ሰማሁ፤ ቢፈቅዱልኝ ጥቂቶቹን ልጣልልዎ» ይላል። ገበሬውም «ደግ አስበዋል፤ ነገር ግን ከእርስዎ በፊት የመጣ ሌላ ሰው ለዚሁ ፈቃድ በየዓመቱ ገንዘብ እከፍላለሁ ብሎኛል፤ እርስዎስ ምን ይከፍላሉ?» ብሎ ይመልስለታል።

አዳኙ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። በልቡም «እኔ ልረዳው መጣሁ እንጂ ልለምነው አልመጣሁም፤ ስለ ድካሜ እርሱ ሊከፍለኝ ሲገባ እንዴት እኔ እከፍለዋለሁ?» ይላል። ገበሬው ደግሞ በበኩሉ «በመሬቴ ሊደሰት መጥቶ ስለ ደስታው የማይከፍል እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?» ብሎ ያስባል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ፍርዱን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን አስቀድሞ ስለ አውሬው ስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና። እኛ በአገራችን አጋዘን የምንለው አውሬ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ አንድ ጊዜ ከበቀለም በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የማይወድቅ ነው። የአውሮፓው አውሬ ግን ሌላ ወገን ነው፤ ወንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ቀንድ ያበቅላል፤ ያንንም በየዓመቱ እየጣለ እንደ ገና ሌላ ያበቅላል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የዚህ ወገን አውሬ በተፈጥሮ አይገኝም። ይሁን እንጂ የተሻለ ስም ስለሌለን የአውሮፓውንም አውሬ አጋዘን ብለን እንጠራዋለን። በብሪታንያ በዱር የሚኖሩት አጋዘኖች ስድስት ዓይነት ናቸው፤ ከስድስቱም ቀዩ አጋዘንና ሮ የሚባለው ትንሹ አጋዘን የአገሩ ተወላጆች ሲሆኑ፣ የቀሩትን አራቱን ሰው ከሌላ አገር ያመጣቸው ናቸው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «አጋዘኑ የማን ነው?» የሚለው ነው። በብሪታንያ ሕግ፣ በዱር የሚኖር አጋዘን በሕይወት ሳለ የማንም ንብረት አይደለም። ሌሊቱን በአንዱ ገበሬ ማሳ ሲግጥ አድሮ ማለዳ አጥር ዘሎ ወደ ጎረቤቱ ቢሻገር፣ የመጀመሪያው ገበሬ «ከብቴን መልስልኝ» ብሎ ጎረቤቱን ሊከስ አይችልም። አውሬው እንደ ነፋስ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ይሁን እንጂ አውሬውን በመሬቱ ላይ የማደን መብት የባለመሬቱ ወይም ያንን መብት ከባለመሬቱ የተከራየው ሰው ነው። ለእንግሊዝና ለዌልስ በ1991 የወጣው የአጋዘን ሕግ፣ ያለ ባለመሬቱ ወይም ያለ ባለይዞታው ፈቃድ አጋዘን ፍለጋ ወደ ሰው መሬት የገባውን ሰው በወንጀል ያስቀጣል። ለስኮትላንድ በ1996 የወጣው ሕግም መብት ወይም ፈቃድ ሳይኖረው በሰው መሬት አጋዘን የሚያድነውን እንዲሁ ይቀጣል።

በስኮትላንድ በ2003 የወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ ለማንኛውም ሰው ሰፊ መብት ሰጥቷል፤ በዚህ ሕግ መሠረት ሰው ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በጥንቃቄ እስከ ሄደ ድረስ፣ በተራራውና በሜዳው መመላለስ ይችላል። ነገር ግን ይኸው ሕግ ማደንን፣ መተኮስንና ዓሣ ማጥመድን ከመብቱ ውጭ አድርጓቸዋል። በእጁ ዱላ የያዘ መንገደኛ ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ በእጁ ጠመንጃ የያዘ ግን ይጠይቃል ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አውሬው ባለቤት የለውም፤ በሩ ግን ባለቤት አለው የሚለው ነው። ስለዚህ አዳኙ ቢከፍል የሚከፍለው የአጋዘኑን ዋጋ አይደለም፤ ባለመሬቱ የራሱ ያልሆነውን አውሬ በሕይወቱ ሊሸጥለት አይችልምና። የሚከፍለው የበሩን ዋጋ፣ ማለት የፈቃዱን ዋጋ ነው። ይህን ልዩነት የዘነጋ ሰው በክርክሩ መካከል መንገድ ይጠፋበታል።

ሁለተኛውን ጥያቄ «ስለ ምን አዳኞች በዚህ ክፍያ ይቈጣሉ?» ብንል፣ መልሱን በከፊል በታሪክ እናገኘዋለን። ኖርማኑ ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ከያዘ በኋላ፣ ሰፊ ሰፊ አገር ለንጉሡ አደን ብቻ ተከለለ፤ በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘውና እስከ ዛሬም አዲሱ ደን የሚባለው ስፍራ በ1079 ገደማ እንደ ተከለለ ይነገራል። በክልሉ ውስጥ የንጉሡን አጋዘን የገደለ ሰው ብርቱ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። በ1217 የወጣው የደን ቻርተር «ከእንግዲህ ወዲህ ስለ አጋዘናችን ሕይወቱን ወይም አካሉን የሚያጣ ሰው አይኑር» የሚል ቃል ማስገባቱ፣ ቀድሞ ምን ያህል ጽኑ ቅጣት ይደረግ እንደ ነበረ ያስረዳል። ይህም ሆኖ በ1723 ፊታቸውን በጥላሸት አጥቁረው አጋዘን የሚሰርቁ ሰዎች በሞት እንዲቀጡ የሚያዝ ሕግ እንደ ገና ወጣ፤ አብዛኛው ክፍሉም የተሻረው ከ100 ዓመት በኋላ በ1823 ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ የስኮትላንድ ደጋ ለባለጸጎች የአደን ስፍራ ሆነ። ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ባልሞራል የተባለውን ርስት በ1848 ተከራይተው በ1852 ገዙት፤ ባለገንዘቦችም የእነርሱን ፈለግ ተከትለው ወደ ደጋው ጎረፉ። ባለርስቶችም በበግ ከሚያገኙት ይልቅ በአጋዘን የሚያገኙት ኪራይ የሚበልጥ መሆኑን ሲያዩ፣ ብዙ መሬት ለአጋዘን ተዉ። ይህንንም መሬት «የአጋዘን ደን» ይሉታል፤ የሚያስገርመው ግን በአብዛኛው ዛፍ የሌለበት ገላጣ ተራራ መሆኑ ነው። በ1887 በኅዳር ወር፣ ሉዊስ በምትባለው ደሴት፣ መሬት ያጡና የተራቡ የገጠር ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ፓርክ ወደ ተባለው የአጋዘን ክልል ገቡ፤ አጋዘኖችንም ገድለው ሥጋውን እዚያው ቀቅለው በሉ። ከእነርሱም ውስጥ ጥቂቶቹ በ1888 በጥር ወር በኤዲንበርግ ከተማ ለፍርድ ቀረቡ፤ ዳኝነቱም በነጻ አሰናበታቸው። ለአንዱ መዝናኛ የነበረው አውሬ ለሌላው የረኀቡ ምክንያት ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ አንድ አዳኝ «አጋዘን ለማደን ለባለርስት አልከፍልም» ሲል፣ ከቃሉ በስተኋላ ይህ ሁሉ የቆየ ቅሬታ አለ። ቅሬታው እውነተኛ ነው። ነገር ግን የአባቶች ቅሬታ ብቻውን የዛሬውን ፍርድ ሊሰጥ አይችልም፤ የዛሬው ገበሬ ዊልያም አይደለምና፤ የዛሬውም አዳኝ የተራበው የሉዊስ ሰው አይደለም።

አሁን የባለመሬቱን ቃል በትዕግሥት እንስማ። ባለመሬቱ እንዲህ ይላል፦ «መሬቱን የገዛሁት ወይም የተከራየሁት በገንዘቤ ነው። አጥሩን፣ በሩንና መንገዱን የማድሰው እኔ ነኝ። እንግዳው በፈቃዴ ወደ መሬቴ ከገባ፣ በ1957 የወጣው ሕግ ስለ ደኅንነቱ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዳደርግ ያስገድደኛል። በስኮትላንድም ቀርቶ የነበረው የአደን መሬት ግብር ከ2017 ጀምሮ እንደ ገና ተመልሷል። አዳኙ ለጠመንጃው፣ ለጥይቱ፣ ለመኪናውና ለጫማው ሲከፍል አያጉረመርምም፤ ደስታውን በሙሉ ለሚያገኝበት መሬት ሲሆን ግን ለምን ያጉረመርማል? ለኳስ ሜዳ፣ ለመዋኛም ይከፈል የለምን?» ይህ ቃል ሚዛን የሚደፋ ነው። በተለይም አዳኙ የሚፈልገው ታላቅ ቀንድ ያለውን ወንድ አጋዘን መርጦ ለመጣልና ቀንዱን በቤቱ ግድግዳ ለመስቀል ከሆነ፣ ደስታ መግዛቱን መካድ አይችልም።

የአዳኙም ቃል እንደዚሁ ይሰማ። አዳኙ እንዲህ ይላል፦ «አጋዘንን የሚበላው ተኩላ ከዚህ አገር ከጠፋ ብዙ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። ሰው ካላደነው በቀር አጋዘን ይበዛል፤ ሲበዛም ችግኝ ይቀነጥባል፤ የዛፍ ልጥ ይልጣል፤ እህል ይረግጣል፤ በሌሊት ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ሰው ይገድላል። በስኮትላንድ ብቻ እስከ 1 ሚሊዮን የሚደርሱ አጋዘኖች እንዳሉ ይገመታል። እኔ በ1968 ሕግ መሠረት ለጠመንጃዬ ከፖሊስ ፈቃድ አወጣለሁ፤ ፈቃዱንም በየ5 ዓመቱ አሳድሳለሁ፤ ዒላማ እለማመዳለሁ፤ በውርጭ በሆዴ እየተሳብኩ አደባለሁ። የጣልሁትን ግዳይ ከረግረግ ውስጥ ጎትቼ የማወጣው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ሥራ ሠርቼ የሥራ ዋጋ ሳልጠይቅ፣ እንደ ገና ክፈል እባላለሁን?» (ግዳይ ማለት አዳኙ የጣለው አውሬ ነው፤ ግዳይ ጣለ ይባላል።)

ይህም ቃል እውነት ነው። መንግሥትም ራሱ በሥራው ይመሰክርለታል። የስኮትላንድ የመንግሥት ደኖች አስተዳደር ችግኙን ለማዳን ደመወዝተኛ አዳኞችንና የውል ሠራተኞችን ቀጥሮ በየዓመቱ ብዙ ሺህ አጋዘን ያስገድላል። ይኸው መንግሥት የአጋዘኑ ብዛት ስላሳሰበው ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ወንዱን አጋዘን ማደን የሚከለከልበትን የዓመቱን ወቅት አንሥቷል። እንግዲህ በአንደኛው ደን አዳኙ ደመወዝ ይቀበላል፤ ከአጥሩ ማዶ ባለው በሌላው ደን ግን ለዚያው ተኩስ ገንዘብ ይከፍላል ማለት ነው። አንድ ሥራ እንዴት በአንድ ጊዜ ሸቀጥም አገልግሎትም ይሆናል? የክርክሩ ቋጠሮ ያለው ከዚህ ላይ ነው፤ ቋጠሮው ከተፈታ ፍርዱ ይቀላል።

እኛ ቋጠሮውን የምንፈታው እንዲህ ነው። አደን ሁሉ አንድ አይደለም። አማርኛችን በዚህ ነገር የረዳን ይመስለኛል፤ «አዳኝ» ተብሎ የሚጻፈው ቃል ሁለት ንባብ አለውና። «ዳ» ሲጠብቅ አውሬ አሳዶ የሚገድል ሰው ማለት ነው፤ «ዳ» ሲላላ ግን ከጥፋት የሚያተርፍ ማለት ነው። በብርዱ ወራት ሴት አጋዘኖችን እየጣለ የገበሬውን ችግኝ የሚጠብቅ ሰው በሁለቱም ንባብ አዳኝ ነው። በመኸር ወራት አንድ ባለ ታላቅ ቀንድ ወንድ መርጦ የሚተኩስ ሰው ግን በመጀመሪያው ንባብ ብቻ አዳኝ ነው።

ስለ ምን ሴቶቹን ለይተን አነሣን? ምክንያቱ ግልጥ ነው። አንድ ወንድ አጋዘን ብዙ ሴቶችን ያስረግዛልና፣ ወንዶች ቢገደሉ የመንጋው ቊጥር እምብዛም አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ሴቶቹ ሲቀነሱ ነው። ለቀንድ የሚከፈል ገንዘብ ግን የሚመጣው በወንዶቹ ነው። እንግዲህ ክፍያው ሁሉ በቀንድ ላይ ሲሆን የሚያስከትለውን ጉዳት ተመልከቱ። ባለመሬቱ ገቢው በወንዶቹ ቊጥር የሚለካ ከሆነ፣ ብዙ ወንድ እንዲወለድለት ብዙ ሴት ማቆየት ይፈልጋል። በስኮትላንድ ደጋ አንድ ርስት ሲሸጥ ዋጋው የሚተመነው በየዓመቱ ስንት ወንድ አጋዘን ይገደልበታል እየተባለ የሆነበት ዘመን ረጅም ነበር። መንጋው ሲበዛ ደግሞ በአጥር አይወሰንም፤ የጎረቤቱን ችግኝ ይበላል። ገንዘቡ ወደ አንዱ ኪስ ይገባል፤ ጉዳቱ ግን ለሁሉም ይዳረሳል። ስለዚህ «አዳኙ ይክፈል» የሚለው ቃል በጥንቃቄ ካልታሰበ፣ አደኑ ሊያጠፋው የሚገባውን በሽታ ራሱ ክፍያው ይመግበዋል።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር እንዴት እንደ ያዙት መመልከት ይጠቅማል። በጀርመን፣ መኳንንቱ በገበሬው መሬት ላይ የነበራቸው የአደን መብት በ1848 በተነሣው አብዮት ተሻረ፤ የማደን መብትም ከመሬቱ ጋር ተያያዘ። በ1952 የወጣው የአደን ሕግ ግን እያንዳንዱ ገበሬ በቁራጭ ማሳው ላይ ብቻውን እንዲያድን አይፈቅድም። ቢያንስ 75 ሄክታር፣ በእኛ ልኬት ሁለት ጋሻ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ የተያያዘ መሬት ያለው ሰው የራሱ የአደን ክልል ይኖረዋል፤ ከዚያ ያነሰ መሬት ያላቸው ግን መሬታቸው በአንድነት ተደምሮ ማኅበር ይሆናሉ። ማኅበሩ የአደኑን መብት ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለ9 ዓመት ያከራያል፤ ኪራዩንም አባሎቹ በመሬታቸው ስፋት መጠን ይካፈሉታል። የሚያስደንቀው ግን አውሬው እህል ቢያጠፋ፣ በውሉ መሠረት ብዙውን ጊዜ ካሣውን የሚከፍለው ራሱ ተከራዩ አዳኝ መሆኑ ነው። ስለዚህ አዳኙ አውሬው እንዲበዛ ቢመኝ፣ የብዛቱን ዕዳ ራሱ ይከፍላል። ደስታውና ኃላፊነቱ በአንድ ቀንበር ተጠምደዋል።

በኒው ዚላንድ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። አጋዘን በዚያ አገር አልነበረም፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሰፋሪዎች ለአደን ብለው ያመጡት ነው። እርሱም ተራብቶ የአገሩን ደን ስለ ጎዳ፣ ዛሬ በመንግሥት ጥብቅ መሬት ላይ ለሚያድን ሰው ፈቃዱ ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። አዳኙ አገልጋይ ነው ተብሎ ይቈጠራልና።

በአሜሪካም ሁለት መንገድ አለ። አብዛኛው መሬት የግል በሆነበት በቴክሳስ አዳኞች ለባለመሬቱ ኪራይ ይከፍላሉ። በሞንታና ግን ከ1985 ጀምሮ የተቋቋመ አንድ ሥርዓት አለ፤ በዚህ ሥርዓት የግዛቱ መንግሥት በአብዛኛው ከአደን ፈቃድ ከሚሰበስበው ገንዘብ በሩን ለሕዝብ ለሚከፍት ባለመሬት ይከፍለዋል፤ አዳኙም በበሩ ላይ ምንም ሳይከፍል ይገባል። በዚህም ባለመሬቱ ስለ ድካሙ ያገኛል፤ ገንዘብ የሌለውም አዳኝ አይገፋም።

በኢትዮጵያስ? ከሌላ አገር በቀር በእኛ ብቻ የሚገኘውን ደጋ አጋዘን የሚያድን የውጭ አገር ሰው ዋጋ የሚከፍለው በመንግሥት ፈቃድ ነው፤ በ1995 (በእኛ 1987 ዓ.ም.) በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጥያቄው በአዳኝና በባለመሬት መካከል አይደለም፤ ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ከአውሬው ጋር ጎን ለጎን ለሚኖረው ገበሬ ምን ይደርሰዋል? የሚለው ነው። መልኩ ይለያይ እንጂ ሥሩ ያው አንድ ነው፤ አውሬው የሚያደርሰውን ጉዳት የሚሸከመው ማን ነው? ደስታውንስ የሚያገኘው ማን ነው?

አሁን ፍርዳችንን እናቅርብ። ባለመሬቱ ቊጥሩን ወስኖ፣ ሴቶቹን ጨምሮ፣ እርሱ በፈለገው ወራት እንዲያድንለት የሚጠራው ሰው አገልጋይ ነውና ምንም አይክፈል፤ እንዲያውም የነዳጁንና የጥይቱን ወጪ ባለመሬቱ ቢችልለት ነውር የለበትም። ጊዜውን፣ ቦታውንና አውሬውን ራሱ የሚመርጥ፣ ቀንዱንም የሚወስድ ሰው ግን ደስታ ገዥ ነውና ያለ ማጉረምረም ይክፈል። ባጭሩ፣ ለደስታ ይከፈላል፤ ለአገልግሎት አይከፈልም።

በሁለቱ መካከል የሚገኘው ብዙው አዳኝ ነው፤ ጥቂት ያገለግላል፣ ጥቂትም ይደሰታል። ለእርሱ የሚስማማው ክፍያ በአውሬ ራስ የሚቈጠር ሳይሆን ለመሬቱ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል መጠነኛ ኪራይ ነው። ኪራዩም ከግዴታ ጋር ይያያዝ፤ ይኸውም አዳኙ አንድ ወንድ ከመጣሉ በፊት የተወሰኑ ሴቶችን እንዲጥል ነው። ግዴታውን ከፈጸመ በሚቀጥለው ዓመት ኪራዩ ይቀነስለት፤ ካልፈጸመ አይቀነስለት። በዚህ መንገድ ክፍያው በሽታውን መመገቡ ቀርቶ መድኃኒቱን ያግዛል።

ሥጋውንም አንርሳ። የአጋዘን ሥጋ ጥሩ ምግብ ነው። ከግዳዩ አንድ ክፍል ለባለመሬቱ ቤት መላክ፣ በገንዘብ ከሚደረገው ክፍያ ይልቅ ወዳጅነትን ያጸናል። የገበሬው ሚስትና ልጆች የአዳኙን ስም የሚያውቁት በበራቸው ላይ በሚሰሙት ተኩስ ብቻ ከሆነ በጥርጣሬ ያዩታል፤ ከሥጋው ከቀመሱ ግን እንደ ጎረቤት ይቈጥሩታል።

ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብብን እንደሚችል እናውቃለን። አንደኛው «ያልተከፈለበት ነገር አይከበርም፤ በነጻ የገባ አዳኝ በር ከፍቶ ይሄዳል፣ ቃሉንም አይጠብቅም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ በር ከፍቶ መሄድን የሚከለክለው ገንዘብ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ የከፈለ ሰው አንዳንድ ጊዜ መሬቱን ጭምር የገዛ ይመስለዋል። መከባበርን የሚያመጣው የተጻፈ ውል ነው። ወሰኑ እስከ የት እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ ሌላ ማን እንደሚተኩስ፣ ስንት አውሬ እንደሚጥል፣ አደጋ ቢደርስ ማን ኃላፊ እንደሚሆን ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። ጠመንጃ ባለበት ስፍራ በቃል ብቻ መስማማት አደጋ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ውል የሚጻፈው ገና ወዳጅነት ሳለ ነው፤ ጠብ ከተነሣ በኋላ ለመጻፍ ጊዜው ያልፋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለደስታው የመጣው ሰው በነጻ ከሠራ፣ በአደን የሚተዳደረው ሠራተኛ እንጀራውን ያጣል» የሚል ነው። ይህ ቸል የማይባል ነገር ነው። ነገር ግን ሰፊ ደን በየዓመቱ ብዙ መቶ አጋዘን እንዲቀነስለት ሲያስፈልግ፣ የቅዳሜ አዳኝ ያንን ሥራ ሊፈጽም አይችልም፤ ያ ሥራ ደመወዝ የሚገባው የባለሙያ ሥራ ነው። የቅዳሜው አዳኝ የሚጠቅመው ባለሙያ ለመቅጠር አቅም በሌለው በትንሹ ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ትንሹ ገበሬና ትንሹ አዳኝ ቢተዋወቁ ማንም አይጎዳም።

አንድ ነገር እንጨምር። ክፍያው በገበያ ብቻ የሚወሰን ከሆነ፣ በሩ ሁልጊዜ ለባለጸጋው ይከፈታል፤ የመንደሩ ወጣት ግን በተወለደበት አገር አጋዘኑን ከአጥር ማዶ እያየ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በሌሊት ያለ ፈቃድ ቢገባ፣ ሕግ መጣሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በ1887 በሉዊስ የሆነው ነገር እንዴት እንደ ተጀመረ ያስታውሰናል። ስለዚህ ብልህ ባለመሬት ከዓመቱ ቀናት ጥቂቱን ለጎረቤቶቹና ሙያውን ለሚማሩ ወጣቶች ያለ ዋጋ ይተው። ያጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በሌሊት መሬቱን የሚጠብቁለት ብዙ ዓይኖች ግን ያገኛል።

አሁን ወደ ገበሬውና ወደ አዳኙ፣ ወደዚያ በር እንመለስ። ገበሬው «ምን ይከፍላሉ?» ከማለቱ በፊት «ምን ሊያድኑ መጡ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ ባልተጣመመ ነበር። አዳኙም «ልረዳዎ መጣሁ» ካለ በኋላ ዓይኑ በቀንዱ ላይ ከሆነ፣ ርዳታ ብሎ የጠራው ደስታ መሆኑን ራሱ ማመን ነበረበት። «በብርዱ ወራት 10 ሴት አጋዘን እጥልልዎታለሁ፤ ይህን ከፈጸምሁ በመኸር አንድ ወንድ ይፍቀዱልኝ፤ ከሥጋውም ድርሻዎን እልካለሁ» ቢለው፣ ገበሬው በሩን የሚከፍትለት ይመስለኛል።

እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ አንዱ ሰው በሌላው ሰው ይዞታ ውስጥ ስላለ የጋራ ነገር፣ ስለ ውሃ ቢሆን ስለ ግጦሽ፣ ስለ ደን ቢሆን ስለ መንገድ፣ አቤቱታ በቀረበላችሁ ጊዜ ዋጋውን ለመተመን አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚሸጠው ነገር በእውነት ምንድር ነው? ጥቅሙን የሚያገኘው ማን ነው? ጉዳቱንስ የሚሸከመው ማን ነው? ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ከተገኘላቸው፣ የዋጋው ነገር በመጨረሻ የሚመጣና በቀላሉ የሚፈታ ነው።

የሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጥያቄ እስኪያገናኘን ድረስ ደኅና ሰንብቱ።